ቴርሞስታቱን ነቅላችሁ አትጣሉት!

ትናንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የእኛ አገር አየር እኮ ቴርሞስታት አይፈልግም፤ በረዶ ላለበት አገር ነው የተሠራው» አለኝ። ስቄ ማለፍ አልቻልኩም። ይህንኑ ነገር ከሌላ መካኒክ ሰምቼ አምኜ የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬበታለሁ። ያውም የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ!

በእቁብ ብር የገዛኋት የ1980ዎቹ ኮሮላ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዳገት ላይ መሞቅ ጀመረች። መካኒኩ አንድም ነገር ሳይለካ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ወረወረና «በቃ፣ ጨርሰናል» አለኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለወራት ደህና ነበረች፤ እንዲያውም አመስግኜዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ጣርማ በር ልንደርስ ስንል የሙቀት ጌጁ ቀስት ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና ድንገት ወረደ። «ተመስገን፣ በረደች» ብዬ ነዳኋት። አልበረደችም። ውሃው አልቆ ነው። ሙቀት የሚለካው ዕቃ ውሃ ካልነካው ሞተሩ እየተቃጠለም ቀስቱ ይወርዳል። የቴስታታው ጋርኒሽን ተበላ፣ ቴስታታው ራሱ ጣመመ። ልጄን አቅፈን ብርድ ላይ ቆመን መኪና ስንለምን አመሸን።

ጥፋተኛው ምን ሆኖ ተገኘ? የራዲያተሩ ክዳን! ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

እዚህ ጋ ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም ይህ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ያ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን ያንን ግፊት ሲይዝ ያው የእኛው ውሃ ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ክዳኑ ካልያዘ ግን ሞተሩ ሥራው ላይ እያለ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ስለዚህ «የእኛ አገር አየር» የምትሉ ሰዎች፣ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ክዳን የሚያስፈልገን እኛ ነን። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ከርካሾቹ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ የሚፈትሸው ግን የለም።

ቴርሞስታቱስ? ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምር በር ነው። ነቅለህ ስትጥለው ሞተሩ በብርዱ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ይበላሻል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ጭራሽ ይብሳል፤ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መኪናዋ ለጊዜው ብትበርድም በሽታው ተደበቀ እንጂ አልዳነም። የእኔዋ ምስክር ናት።

«ኩላንትም የበረዶ ነው» ይሉኛል። ኧረ ባካችሁ! ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይታችኋል አይደል? ራዲያተሩም ውስጥ ያው ነው የሚጋገረው።

መኪናችሁ ከሞቀች መጀመሪያ መቼ እንደምትሞቅ ተመልከቱ። ቆማ ወይም ትራፊክ ውስጥ ብቻ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ስትሮጥና ዳገት ስትወጣ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳታንጠባጥብ ውሃ የምትጨርስ ከሆነ ክዳኑን እዩ። ክዳኑ ደህና ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱትና አስነሱ፤ አረፋው ከላይ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ አዝናለሁ፣ ጋርኒሽኑ ነው። በትኩሱ ግን ክዳን የሚባል ነገር እንዳትነኩ! ፊቱን የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

መካኒኮችን ለመሳደብ አይደለም የጻፍኩት። ዲፕሎማ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እጃቸው ከእኔ እጅ መቶ እጥፍ ያውቃል። ግን የሰው መኪና ላይ ሳትለካ መንቀል ምን የሚሉት ሙያ ነው? ባለመኪናው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ጭኖባታል።

አንተ ተማሪዬ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ነቅለህ የወረወርካቸውን ቴርሞስታቶች ሰብስበህ ቅዳሜ ቤት ና። ድስትና ምድጃ ከእኔ፣ ቴርሞሜትርም አለኝ። ውሃው ውስጥ በክር አንጠልጥለን፣ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት የሚጀምረውንና የማይከፈተውን አንድ በአንድ እናያለን። የሚሠራ ከተገኘ ለባለቤቱ ደውለህ ትመልስለታለህ።