እርድ ወጥ ያሳምራል፤ አእምሮንስ ያድናልን?

አልጫችንን ቢጫ አድርጎ የሚያሳምረው እርድ ከጥቂት ዘመን ወዲህ ሌላ ማዕረግ ተሰጥቶታል። «የመርሳትን በሽታ ይፈውሳል» እየተባለ በእንክብል ይሸጣል። የእናቱ ወይም የአባቱ አእምሮ ሲደክም ያየ ልጅ ይህን ሰምቶ ገንዘቡን ቢያወጣ አንፈርድበትም። የምንፈርደው ግማሹን እውነት ሙሉ አስመስሎ በሚሸጠው ላይ ነው።

ግማሹ እውነት ይህ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ዘበኛ ሕዋሳት አሉ። ለይቶ የገለጻቸው ስፔናዊው ሊቅ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1919 ነበር። እነዚህ ዘበኞች የገባውን ጀርም ይዋጋሉ፤ የሞተውንም ሕዋስ ይጠርጋሉ። ቁጣቸው ሳይበርድ ሲቀር ግን ብግነት ይሆንና ሊጠብቁት የቆሙለትን የነርቭ ሕዋስ ይጎዳሉ። በአልዛይመር በሽታም ይህ ቁጣ ድርሻ እንዳለው ሊቃውንት ይናገራሉ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያደጉት ማይክሮግሊያ ከባክቴሪያ የተወሰደ ቅንጣት ሲጨመርባቸው ይቆጣሉ፤ ከእርድ የሚወጣው ኩርኩሚን ሲታከል ግን ብግነት የሚያነሣሡት ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ። ይህም ደጋግሞ ታይቷል። እሰየው!

ዳሩ ግን ሳህን ሰው አይደለም። በሳህኑ ላይ ኩርኩሚኑ በቀጥታ ሕዋሱን ያገኘዋል። በአፍ ሲዋጥ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ፈጥኖ ይለውጠዋል፤ ከዚያም ወዲያ ደምን ከአንጎል የሚለይ አጥር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 36 የአልዛይመር ሕሙማን ከፊሎቹ ኩርኩሚን፥ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለ24 ሳምንት ወስደው ነበር። ኩርኩሚኑ የተሻለ ጥቅም አላሳየም፤ በደማቸው የተገኘውም መጠን ዝቅተኛ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ስለ ሆነ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ለነጋዴው አዋጅ ግን ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኢጣልያ የኩርኩሚን እንክብል ከወሰዱት መካከል ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ተገኝተዋል።

ታዲያ ዕፀዋትን እንናቅ ማለታችን ነውን? አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል አገኘሁ ብለው በማግስቱ ገበያ አልወጡም፤ ዓመታት ሙሉ መረመሩ፥ ፈተኑ እንጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

እንግዲህ ነገ በላቦራቶሪ የምትቆሙ ተማሪዎች፥ በፈቃድ ወረቀት ላይ የምትፈርሙ ወጣት ሹማምንት ሆይ! «ይፈውሳል» የሚል ሲመጣ፥ የተፈተነው በሳህን ነው ወይስ በሰው? በስንት ሰው? ከምንስ ጋር ተነጻጽሮ? ብላችሁ ጠይቁ። እርዱ ከወጣችን አይጥፋ፤ የሚረሱትን ወላጆቻችንን ግን ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው።