የተጓዳኝ ትምህርት ሰዓት ለማን ይጠቅማል? የወረኢሉና የአካባቢው ተማሪዎች ተሳትፎ ሲቃኝ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ጥያቄ ጎልቶ ይሰማል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ፣ ከ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የተመለከተ ወላጅ፣ ልጁ በክበብ፣ በሚኒ ሚዲያ ወይም በችግኝ ተከላ የሚያሳልፈው ሰዓት ለጥናት ቢውል ይሻላል ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው ተጓዳኝ ትምህርት የመደበኛው ትምህርት ደጋፊ መሆኑን ያስረዳሉ። የሁለቱም ወገን ሐሳብ መሠረት አለው፤ ልዩነቱ የሚፈታውም ተሳትፎው እንዴት እንደሚመራ በማየት ነው።

ወረኢሉና በስተምዕራብ እስከ መካነ ሰላም የሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወረኢሉ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ ለዓድዋ የሚዘምተው ሠራዊት እንዲሰባሰብባት የተቀጠረች ከተማ ናት። በአካባቢው ዛሬም ሰብል በጅጌና በወንፈል ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛም በቅሬ ይጽናናል። ከገጠር ቀበሌ የመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጋራ ሥራን ከቤተሰቡ ጎን ሆኖ አስቀድሞ ተምሯል። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም አካፋና ዶማ ብቻ ቢያስይዘው የሚያውቀውን ከመድገም በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም። አዲስ ነገር የሚያገኘው በክፍል የተማረውን ሥራ ላይ እንዲያውል ሲደረግ ነው።

ለአብነት ያህል በበጋ ወራት የሚካሄደውን የተፋሰስ ልማት ሥራ መውሰድ ይቻላል። ተማሪዎች የተዳፋቱን ልክ ቢለኩና የጎርፍ መውረጃውን በንድፍ ቢያሰፍሩ፣ ሒሳብንና ጂኦግራፊን መሬት ላይ ያገኟቸዋል። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መትከል በየክረምቱ የተለመደ የተማሪዎች ተሳትፎ ሆኗል። የተተከለውን በየወሩ እየቆጠረ የጽድቀት መጠኑን የሚመዘግብ፣ የደረቀውም ለምን እንደ ደረቀ ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር የሚመረምር ክበብ ግን በአንድ ቀን ዘመቻ የማይገኝ ዕውቀት ይቀስማል። በመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው የቦረና ሳይንት ወረሒመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት በመሆኑ ለአካባቢ ጥበቃ ክበባት የቅርብ መማሪያ ሊሆን ይችላል። በከተማዋ ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም የሙያ ድጋፍ ሊጠየቅበት የሚችል ተቋም ነው።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ጉዳይ የተሳታፊው ማንነት ነው። የክበብ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው ትምህርት ካበቃ በኋላ ነው። በከተማው ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ተማሪ በዚህ አይቸገርም። ከሩቅ ቀበሌ የሚመላለሰው ግን ሳይመሽበት መንገድ መጀመር አለበት። ቤት ተከራይቶ የሚማረውም ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ የሳምንቱ ትምህርት ሲያበቃም ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሴት ተማሪዎችን በዚህ ላይ የቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ሲደርስ ጫናው በሁሉም ላይ ይበረታል። ስለዚህ የክበብ አባላትን ብዛት የሚገልጽ ሪፖርት ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ከአባላቱ ስንቶቹ ከገጠር እንደ መጡና ስንቶቹ ሴቶች እንደ ሆኑ መታየት ይኖርበታል። መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሳምንቱ መርሐ ግብር ውስጥ ለክበባት አንድ ክፍለ ጊዜ መመደብና በመኸር ወቅት ተጨማሪ ዘመቻ አለመጥራት ብዙዎችን ሊያሳትፍ ይችላል።

የባከነው የትምህርት ጊዜም ከግምት መግባት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋርጧል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ሳቢያም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ይህን ያህል ክፍለ ጊዜ ያጣን ተማሪ ለዘመቻ ከክፍል ማስወጣት ተገቢ አይሆንም። በአንጻሩ ከትምህርት ርቆ የቆየ ወጣት ከእኩዮቹ ጋር ዳግም የሚተሳሰረው በስፖርት ቡድን ወይም በንባብ ክበብ ሊሆን ይችላል። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑበት የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ደግሞ ሁለቱንም ይጠቅማል፤ ለማስረዳት የሚዘጋጅ ተማሪ ትምህርቱን መልሶ ይከልሳልና።

የኢትዮጵያ ታሪክም የሚያስተምረው አለ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በሕብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ነበር። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጥረዋል፤ የገበሬ ማኅበራትንም አደራጅተዋል። ይሁን እንጂ ዘመቻው ግዴታ ስለ ነበር ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መቀጠር አይችልም ነበር። የዛሬው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የቆመው በሌላ መርህ ላይ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርታቸው፣ በጤናቸውና በደኅንነታቸው ላይ ጉዳት ከሚያደርስ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። አገልግሎትን ግዴታ ያደረጉ አገሮችም ቢሆኑ ገደብ ያበጁለታል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለማጠናቀቅ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል፤ ተማሪው ግን የሥራውን ዓይነት ራሱ ይመርጣል፤ አገልግሎቱም የክፍል ትምህርትን አይሻማም።

ከዚህ በመነሣት ወላጆችና ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት ጥቂት ነጥቦችን እንዲያጣሩ ይመከራል፦ ሥራው ከየትኛው ትምህርት ጋር ይያያዛል? በየትኛው ቀንና ሰዓት ይከናወናል? የሚከታተለው መምህር ማን ነው? ተማሪው ወደ ቤቱ በምን ሰዓት ይመለሳል? የገንዘብ መዋጮ አለው? ደም ልገሳን በተመለከተ ለጋሹ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱም ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም መሆን ስላለበት፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ተማሪዎች በቅስቀሳው እንጂ በልገሳው ሊሳተፉ አይገባም።

ተሳትፎው ከክፍል ትምህርት ጋር የተጋጨበት ተማሪ ወይም ወላጅ በቅድሚያ ጉዳዩን ለክፍል ኃላፊ መምህሩና ለርእሰ መምህሩ ሊያቀርብ ይችላል። በዚያ ካልተፈታ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። የትምህርት ቤቱን የዓመት ዕቅድ ለማዘጋጀት በሚጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ የክበባት ሰዓት እንዲወሰን መጠየቅ ደግሞ አለመግባባቱን ከመነሻው ያስቀራል። በተለይ ከሩቅ ቀበሌ ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች በዚህ ስብሰባ ቢገኙ፣ ሰዓቱ የእነርሱንም ልጆች ታሳቢ አድርጎ ሊወሰን ይችላል።