የድንቅነሽ አረማመድና የቂሊንጦ መሐንዲሶች

በአቃቂ መንገድ ጭነት የተሸከመች አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ያየ ሰው እግሯን እንዴት እንደምታነሣና እንደምትጥል መናገር ይችላል። ዘሩ የጠፋ እንስሳ አረማመድ ግን በምን ይታወቃል? የቆየው ልማድ አጥንቱን አይቶ መገመት ነበር። ዛሬ ሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ ይኸውም በአጥንቱ ልክ ሮቦት ሠርቶ ማስኬድ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የጀርመንና የስዊስ ሊቃውንት ኦሮባቴስ ስለተባለ፣ ወደ 290 ሚሊዮን ዓመት ግድም ስላስቆጠረ ባለ አራት እግር እንስሳ ጥናት አሳተሙ። በእጃቸው የነበረው አፅሙና ድንጋይ ላይ የቀረው የእግሩ ዱካ ነው። ሮቦቱን በብዙ ዓይነት አረማመድ አስኬዱት፤ ጉልበት የሚያባክነውን፣ ሚዛን የሚያሳጣውንና ከዱካው ጋር የማይገጥመውን እያስወገዱ ሄዱ። በመጨረሻ የቀረው፣ ከተገመተው ይልቅ ሆዱን ከመሬት አንሥቶ ቀና ብሎ የሚሄድ እንስሳ ነው። በሕያው እንስሳ ላይ አንዱን አጥንት ማስረዘም ወይም ማሳጠር አይቻልም፤ በሮቦት ግን ይቻላል። የትኛው ለውጥ ምን ጥቅም እንዳመጣ የሚመረመረውም በዚህ ነው።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለችን ድንቅነሽ ናት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እናት በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የታወቀ ነው። የሚያከራክረው ጉልበቷን እንደ እኛ ዘርግታ ነበር ወይስ ዐጠፍ አድርጋ፣ ረጅም ክንዷስ ዛፍ ለመውጣት ምን ያህል ይረዳት ነበር የሚለው ነው። አፅሟ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። የወገኖቿ ነው የሚባለው ዱካ በ1970 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ ላይ ተገኝቷል። የጉልበቷና የትከሻዋ አጥንት ቅርጽም በኮምፒዩተር ተቀርጾ በ2008 ዓ.ም. ለፈለገ ሁሉ ተለቋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሙዚየሙ ያለው የአውቶቡስ መንገድ ነው (ሰልፉ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቢመስልም)። እኛ የአርት ተማሪዎች ስለ ቅድመ ታሪክ እናነባለን፤ እነሱ ሞተር ይገጣጥማሉ፤ ግን አንነጋገርም።

«ዳቦ ላልጠገበ አገር ይህ መጫወቻ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉን። የጉልበት መገጣጠሚያ ሸክም እንዴት እንደሚችል ሠርቶ ያየ መሐንዲስ ግን ነገ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት አይከብደውም። ሃይማኖት ይነካል የሚሉም አሉ። ሮቦት «እንዲህ ሆኗል» ብሎ አይመሰክርም፤ «ይህ ይቻላል፣ ያ አይቻልም» ይላል እንጂ። ከዚያ በላይ አስመስሎ የሚናገር ካለ እኛም አንቀበለውም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው ለቂሊንጦ ተማሪዎች ደብዳቤ እንዲጽፍልን እንጠይቃለን። ከኛም ከነሱም አምስት አምስት ሰው ይበቃል። ሙሉ ድንቅነሽ ትቆየን፤ በጉልበቷ እንጀምር።