«ባለፈው ዓመት ተሠርቷል» ለሚሉ



የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ዲጂታል የልብ ማዳመጫ እንሥራ ብለን አሳብ ስናቀርብ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ይህማ ባለፈው ዓመት ተሠርቷል፤ አዲስ ነገር አምጡ» የሚል። ይህ መልስ ትክክል አይደለም።

ተሠርቷል ማለት ምን ማለት ነው? የተሠራው ዕቃ የት አለ? በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛዋ ነርስ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል? ሁላችንም እንደምናውቀው በኤግዚቢሽኑ ቀን የልብ ትርታው ሞገድ በስልክ ላይ ታየ፤ ተጨበጨበ፤ በማግስቱ ሽቦው ተነቃቅሎ ለሌላ ሥራ ዋለ። የቀረው ጥራዙ ብቻ ነው፤ እርሱም ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

በርግጥ ጅምሩ ቀላል ነው። ከተራው ማዳመጫ ደረት ላይ የሚያርፈውን ክፍል ወስዶ በጎማው ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን መሰካት፣ ድምፁን ማጉላት፣ ከዚያም ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፤ ለልብ ድምፅ በሰኮንድ 4,000 ጊዜ መለካት ይበቃል። መከራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የልብ ድምፅ አብዛኛው ኃይሉ ከ20 እስከ 150 ኸርዝ ባለው ዝቅተኛ ክልል ነው። የመብራት መሥመራችን ደግሞ በ50 ኸርዝ፣ ልክ እዚያው መካከል ገብቶ ያጉረመርማል። ጕርምርምታውን በፊልተር እቆርጣለሁ የሚል ከልቡም ድምፅ ቆርጦ ይጥላል! በባትሪ ማሠራት፣ ሽቦውን ማሳጠርና መሸፈን ይሻላል። ይህን አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ከተረዳው፣ የሚቀጥለው ቡድን ለምን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል? የልብስ መፋተግ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ በካርድ ክፍሉ በር የሚያለቅሰው ሕፃን ገና አልተነኩም። ጸጥ ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ የጤነኛ ጓደኛን ደረት ማዳመጥ ፈተና አይባልም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ልብ አዳመጠ። ባለ ሁለት ጆሮው ማዳመጫ የመጣው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኛ ገምጋሚዎች በዚያን ጊዜ ቢኖሩ ኖሮ «ላኔክ ሠርቶታል» ብለው ባሰናበቱ ነበር። በጋዛ የሠሩት ዶክተር ታሪክ ሎባኒና ባልደረቦቻቸው ግን በሦስት አውታር ማተሚያ የሚታተም ተራ ማዳመጫ አዘጋጅተው፣ ከታወቀው ሊትማን ጋር አወዳድረው፣ በ2018 ውጤቱን ለሕዝብ አወጡ፤ ንድፉንም ማንም እንዲወስደው ፈቀዱ። አዲስነቱን ማን ጠየቃቸው?

አንዳንድ የሕክምና ተማሪዎች ማዳመጫ ጊዜው አልፏል ይሉናል። እውነትም አላቸው፤ በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪ ቤቶች ተደርጎ በ2007 የታተመው ጥናት የሩማቲክ የልብ በሽታን የልብ አልትራሳውንድ ከተራ ምርመራ አሥር እጥፍ ያህል አብልጦ እንዳገኘ አሳይቷል። ስለዚህ «መሣሪያችን በሽታ ይለያል» እያልን አንፎክር። ነገር ግን ይህ በሽታ የአገራችንን ልጆች ይጐዳል፤ አልትራሳውንዱም በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የለም። የተቀዳ ድምፅ ግን ከዚያ ተነሥቶ ከተማ ላለ የልብ ሐኪም ሊደርስ ይችላል።

ገምጋሚዎች «ምን አዲስ ነገር አለው?» ማለታቸውን ትተው «ከአምናው የቱን ጉድለት አቃናችሁ? ነርሷስ ሰማችበት?» ብለው ይጠይቁን። አሳብ የማቅረቢያው ቀን ሳያልፍም የትምህርት ክፍሉ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አፈላልጎ የአምናውን ንድፍ፣ ፕሮግራምና የተቀዳ ድምፅ በቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጥልን።