ሰባት ቤት ስንቆጥር



ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። የቅድመ አያቶችን ስም ያለ ወረቀት የሚዘረዝሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉን። «እኚህ ሰው በምን ሞቱ?» ብላችሁ ስትጠይቋቸው ግን «ምች መታቸው»፣ «እንደ ቆሙ ወደቁ»፣ «ቀናቸው ደረሰ» ይሏችኋል። ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ስንቱ ደም ግፊት እንደነበረ የመዘገበልን የለም።

ግፊት በከፊል በዘር ይወርዳል። የሚወርደው ግን በአብዛኛው በአንድ ዘረመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከግፊት ጋር የተያያዙ ከ2,000 በላይ የዘረመል ልዩነቶችን ለይቷል። አንዱ ልዩነት ብቻውን ኢምንት ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ሰው ላይ ሲከማቹ ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ይሆናል።

በዚያ ጥናት የተቆጠሩት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። እኛ አልተቆጠርንም። «አፍሪካዊ» ተብሎ በጅምላ መቆጠርም አይበቃንም። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የግፊት መዘዝ ይባል ለነበረው የኩላሊት በሽታ ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ሁለት ልዩነቶችን አፖል-1 በተባለው ዘረመል ላይ አገኙ። በዓመቱ ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ግን ሁለቱም አልተገኙባቸውም። ዋሺንግተን ያለው ዘመዳችን ሐኪም ቤት ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሲሞላ፣ ቃሉ ስለ ደሙ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፤ ለመጪው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጠይቁ። የግፊት ኪኒን የሚወስደው ማነው? ግማሽ አካሉ የሰነፈበት ማን ነበር? በስንት ዓመቱ? መልሱን ጻፉት። ከዚያ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እናንተም ክንዳችሁን ስጡ። «ራሴን ካላመመኝ ጤነኛ ነኝ» የሚለው አባባል ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ግፊት ሳያሳምም ይገድላልና።

ወላጆች፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። የሸሸጋችሁት ሕመም ለልጃችሁ ማስጠንቀቂያ ነበር።

በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፤ የሕዝባችንን ዘረመል ማጥናት የእናንተ ዕዳ ነው። ደሙን ወድዶና ፈቅዶ ለሰጠ ገበሬ ግን ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ይድረሰው።

የዘር ነው ብሎ እጅ መስጠትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰው 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ዘራችንን መለወጥ አንችልም፤ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ግን በእጃችን ነው። ጠበል የምንጠመቅም ብንሆን ኪኒኑን አናቋርጥ።

አንድ ቀን የልጅ ልጆቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ከእኛ ስም ይደርሳሉ። «በምን ሞቱ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ግፊት ነበረባቸው፤ ያውቁት ነበር፤ በእርጅና ሞቱ» ብለው እንዲመልሱ እናድርግ።