ወሬው ከእኛ፣ ዶላሩ ለሌላ

«ድረ ገጽ ክፈትና ዶላር እፈስ» የሚለው ምክር ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከገባ ቆይቷል። አንዱ ዩቲዩብ ክፈት ይላል፣ ሌላው ቴሌግራም ቻናል፣ ሦስተኛው ደግሞ ይቺን ሊንክ ለጓደኞችህ በትንና ቁጭ ብለህ ብላ ይላል። ምክሩ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ከጎብኚ ገንዘብ ይገኛል፣ ያገኙ ሰዎችም አሉ። ጥያቄው ማን ያገኛል፣ በምን ያገኛል፣ በማን ስም ያገኛል የሚለው ነው።

አቋማችንን ቀድመን እንናገር። የጠቅታ ገበያ እስካሁን ለምዕራብ ጎጃም ወጣት ከከፈለው ይልቅ በምዕራብ ጎጃም ስም ለሌላ ሰው የከፈለው ይበልጣል ብለን እናምናለን። ለምን እንዲህ እንዳልን ከስር ከመሠረቱ እንየው።

ደላላው ማን ነው?

«አፊሊየት» የሚባለውን ነገር ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም፤ የቡሬን ገበያ ማየት ይበቃል። ዛላ በርበሬ የጫነውን ገበሬና ከሩቅ የመጣውን ነጋዴ የሚያገናኘው ደላላ በርበሬ አልዘራም፣ የጭነት መኪናም የለውም። ሰው ግን ያውቃል። ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ሰው በማወቁ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ፕሮግራም ይኸው ነው። ገጽህ ላይ የአንድ ዕቃ ሊንክ ትለጥፋለህ፣ ጎብኚህ በዚያ ገብቶ ከገዛ ከዋጋው ጥቂት በመቶ ይደርስሃል። ጎብኚው ሊንኩን ነክቶ ዕቃውን ሳይዝ 24 ሰዓት ካለፈው ግን፣ በማግስቱ ተመልሶ ቢገዛም ለአንተ ምንም የለህም። ከተመዘገብክ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣህ ደግሞ ትሰናበታለህ።

ሁለተኛው መንገድ ማስታወቂያ ነው። ጉግል «አድሴንስ»ን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመረ። ነጋዴው ለጉግል ይከፍላል፣ ጉግል ማስታወቂያውን አንተ ገጽ ላይ ይለጥፋል፣ ከተከፈለው ላይ ያካፍልሃል። ድርሻውን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሲያደርግ ከ100 ዶላር 68ቱ የባለ ገጹ፣ 32ቱ የጉግል መሆኑን ተናገረ። ዩቲዩብ ላይ ለረዣዥም ቪዲዮዎች የባለ ቻናሉ ድርሻ 55 በመቶ ነው። እስቲ የትኛው የቡሬ ደላላ ነው ከ100 ብር 45 ብር ቆርጦ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባ?

ይሁን፣ ድርሻው አነሰ ብለን አናኩርፍ። መጀመሪያ ገንዘቡ እጃችን መድረሱን እንይ። ገቢህ 10 ዶላር ሲሞላ ጉግል አድራሻህን ለማረጋገጥ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይልካል። በኢሜይል እንዳይመስልህ፣ በፖስታ ነው! የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስጠኝ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ወረቀቱ ደርሶ ቁጥሩን ብታስገባም ገንዘቡ የሚለቀቀው ሒሳብህ 100 ዶላር ሲሞላ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

እስቲ ለምሳሌ ያህል ገጽህ አንድ ሺህ ጊዜ ሲታይ ግማሽ ዶላር ያስገኛል እንበል። 100 ዶላር ለመሙላት 200 ሺህ ዕይታ ያስፈልግሃል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ 26 ሺህ ገደማ ነበር። በዚያ ቁጥር ብናሰላው፣ በወር 100 ዶላር እንድታገኝ የከተማው ሰው ሁሉ፣ ክርስትና ያልተነሳውን ሕፃን ጨምሮ፣ ገጽህን በወር ስምንት ጊዜ ያህል መክፈት አለበት ማለት ነው። ከተማው ከዚያ ወዲህ ማደጉን እናውቃለን፤ ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ እንደሌለው፣ ያለውም ለፓኬጅ ሳንቲም እንደሚቆጥር እንዲሁ እናውቃለን።

አፊሊየቱስ? እሱ የባሰ ነው። ደላላ ኮሚሽን የሚያገኘው ገዢ ሲኖር ነው። የጅጋ ወይም የደምበጫ ልጅ የአማዞንን ሊንክ ቢነካ በምን ካርድ ይከፍላል? ዕቃው ቢላክለትስ በየትኛው መንገድ ደጁ ይደርሳል? አንባቢው መግዛት በማይችልበት ገበያ የሚሠራ ደላላ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ከጉሮሮ ሕመም በቀር የሚያተርፈው የለም።

ቋንቋችንም አላገዘንም። አማርኛ አድሴንስ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውጭ ሆኖ ረጅም ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ ብዙ ጎበዝ ልጅ እንግሊዝኛ ከዚህም ከዚያም እየገለበጠ «ክብደት የሚቀንሱ አሥር ምግቦች» ዓይነት ገጽ ሲሠራ ኖረ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ ሲያደርግ እንዲህ በግልበጣ የሚኖሩ ገጾች በዓለም ዙሪያ ከፍለጋ ውጤት ወደ ታች ተወረወሩ። አማዞንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 በመቶ ሲያወርድ ደላሎቹን አላማከረም። በሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ዕጣው ይህ ነው።

ታዲያ ዶላሩ ከየት ይመጣል?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የማስታወቂያ ዋጋ የሚወሰነው ተመልካቹ በሚኖርበት አገር ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆኖ የሚያይ ሐበሻ ደምበጫ ሆኖ ከሚያየው ሰው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለዚህ ስለ ጎጃም የሚሠራ ሰው ሥራውን ለጎጃም ሰው ቢሠራ ይከስራል፤ ለውጭው ቢሠራ ያተርፋል። ውጭ ያለውን ሰው ደግሞ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የበቆሎ ዋጋ አይደለም። ስጋት ነው። እናቱ ያለችበት ቀበሌ ተኩስ አለ ወይ የሚለው ነው።

«ሰበር! ፍኖተ ሰላም አሁን!» የሚለው ርዕስ የተወለደው ከዚህ ሒሳብ ነው። ከፍተህ ብታየው የሦስት ዓመት ፎቶ፣ የማይታወቅ ድምፅ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ወደ ዝርዝሩ እንገባለን»። ዝርዝሩ አይመጣም፤ ማስታወቂያው ግን መጥቶ ሄዷል።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በሰሜን መቄዶንያ ቬለስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ የዚያች ከተማ ወጣቶች ከመቶ በላይ ድረ ገጾች ከፍተው ስለ አሜሪካ ፖለቲካ የሐሰት ዜና ሲያመርቱ፣ ከማስታወቂያ ዶላር ሲሰበስቡ ተገኝተዋል። ፖለቲካው አላገባቸውም፤ ያገባቸው ጠቅታው ነበር። ሥራ አጥ የሆነ የትንሽ ከተማ ወጣት የሩቅ አገር ሰውን ንዴት ሸጦ በላ። በእኛ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የእኛ ትንሽ ከተማ ሻጭ አልሆነችም፤ ዕቃ ሆናለች።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም የአየር ጥቃት ደረሰ፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለሮይተርስ ተናግረዋል። እስቲ ያን ሰሞን አስቡት። የሞተባት ከተማ ልጅ የሆነውን መጻፍ አይችልም፣ መረቡ ተዘግቷል። መረቡ ከተዘጋበት አገር ውጭ ግን የከተማዋ ስም በየርዕሱ ይጮኻል፣ በየጩኸቱ መካከል የሻምፑና የጨዋታ ማስታወቂያ ይገባል። ያየ መስክሮ ሊናገር አልቻለም፤ ያላየው ተናግሮ ተከፈለው። የሰው ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክሎ ሻይ እንደመሸጥ ነው።

«እና ልጁ ምን ይብላ?»

የሚሞግቱን ወዳጆች አሉ፤ ሙግታቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ዲግሪ ይዞ ባጃጅ ሲያይ የሚውል ወጣት ዘመድ ሳይለምን፣ ለማንም ሳያጎነብስ በስልኩ ገንዘብ ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ብር በአጭር ጊዜ ክፉኛ ወርዷል፤ ከ57 ብር ተነስቶ መቶን የተሻገረ ዶላር ማን ይጠላል?

ማንም። እኛም ዶላር አንጠላም። ከማስታወቂያ የሚኖር ሁሉ ቀጣፊ ነው ብለንም አናምንም። የምንለው ሌላ ነው። የጠቅታ ገበያ ገንዘብ የሚከፍለው ለሰው ብዛትና ለሰውየው ኪስ ነው፤ ለእውነት የተለየ ክፍያ የለውም። ስለዚህ እውነትን ለመጻፍ የተነሳ ልጅ ገቢውን በሙሉ እዚያ ላይ ካንጠለጠለ፣ ቀስ በቀስ ወይ እውነቱን ወይ ገቢውን ይተዋል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ከሺህ በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያውን ግማሽ በቶንኮይን ማካፈል ሲጀምር ብዙዎች ተደስተዋል። እኛም ደስ ብሎናል። ግን መሠረቱ ያው ነው፤ ብዙ ሰው አምጣ፣ እንዴት እንዳመጣህ አልጠይቅህም።

ደላላ ከሆንክ የአገርህ ደላላ ሁን

እንግዲህ ከትችት አልፈን ሐሳብ እናምጣ። ምዕራብ ጎጃም የሚሸጥ ነገር ያጣ አገር አይደለም። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ድንቹ፣ በርበሬው፣ ማሩ፣ ቅቤው አለ። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አሉ። የጠፋው በእነዚህ መካከል የሚታመን ወሬ የሚያደርስ ሰው ነው። የቡሬ የቅዳሜ ዋጋ ስንት ዋለ? ማዳበሪያ የቱ ማኅበር ጋ ደረሰ? የነቀምቴ መስመር ዛሬ ክፍት ነው? የትኛው ባለ መኪና ባዶውን ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል?

ገጠሬው ለጠቃሚ ወሬ ጆሮ የለውም የሚል ካለ 8028ን ያስታውስ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ የገበሬዎች ነጻ የስልክ መስመር በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አስተናግዷል። ገበሬው የደወለው ሰበር ዜና ፍለጋ አልነበረም፤ መቼ ልዝራ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ ላድርግ ብሎ ነው።

እንዲህ ያለውን ወሬ በየቀኑ ሳያዛባ የሚያደርስ ቻናል አምስት ሺህ ተከታይ ቢኖረው ለጉግል ምንም ነው። ለቡሬ የእህል ነጋዴ፣ ለፍኖተ ሰላም የእርሻ መሣሪያ ሱቅ፣ ለመናኸሪያው ሆቴል ግን ወርቅ ነው። ማስታወቂያውን በቀጥታ ሽጥላቸው። በመሃል 32 የሚቆርጥ የለም፣ በፖስታ የሚመጣ ቁጥር የለም፣ ክፍያው በቴሌብር ያኔውኑ ይገባል። ኮሚሽንም ከፈለግህ ገዢና ሻጭ አገናኝተህ ተቀበል፤ ተከፍሎህ ያወደስከውን ግን «ይህ ማስታወቂያ ነው» ብለህ ጻፍ። በትንሽ ከተማ አንድ ጊዜ የዋሸ ደላላ ሁለተኛ ገበያ አይወጣም። የኢንተርኔቱ ደላላ ያጣው ይህን ኀፍረት ነው።

እዚህ ላይ ለሦስት ወገኖች አንዳንድ ቃል አለን።

ለባለ ድርጅቶች፦ ባንኩም ፋብሪካውም የማስታወቂያ ገንዘቡን አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ ለወረዳ ከተማ ባነር ብቻ አይላክ። ከዚያ በጀት ትንሽ ቆንጥራችሁ አካባቢውን ለሚያገለግሉ ገጾች ስጡ።

ለመንግሥት፦ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ከዲጂታል ይዘት የሚገኝን ገቢ ግብር ውስጥ አስገብቷል። መልካም፣ ሥራ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ሥራ ከሆነ ግን የሥራውን መንገድ መዝጋት ምን ይባላል? በሰኔ 2011 አገር አቀፍ መዘጋት፣ በሰኔ 2012 እንደገና፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ለብዙ ወራት። ገበያውን ቆልፎ የገበያ ቀረጥ የሚጠይቅ አይተን አናውቅም። መዝጋቱ ሐሰተኛ ወሬን አላስቆመም፤ የተዘጋው አፍ የዓይን ምስክሩ ነበር፣ ሩቅ ያለው አሉባልተኛ ተፎካካሪ አጥቶ ከበረ።

ለእናንተ ለአንባቢዎች፦ ጠቅታችሁ ገንዘብ ነው። እናትህ ያለችበትን ከተማ ስም ለጥፎ የሚያስደነግጥህን ቪዲዮ በከፈትክ ቁጥር ለቀጣዩ ማስደንገጫ ወጪ ሸፍነሃል። መጀመሪያ ዘመድህ ጋ ደውል። ስልኩ ካልሠራ፣ ቦታውን የሚያውቅ፣ ስሙን ደብቆ የማይጽፍ፣ ትናንት የተሳሳተውን ዛሬ የሚያርም ሰው ፈልግ። ሲገኝ ደግሞ ዝም ብለህ አትለፈው፤ ተከተለው፣ ለሌላው ንገርለት፣ ከቻልክም ጥቂት ብር ላክለት።

የፍኖተ ሰላም ስም ትርጉሙ «የሰላም መንገድ» ነው። ያን ስም «ሰበር» ከሚል ቀይ ጽሑፍ ጎን ለጥፎ የሚያተርፍ አይጠፋም። እኛ የምንመኘው ግን በዚያ ስም ቅዳሜ ጠዋት የበርበሬ ዋጋ ተጽፎ፣ ገበሬው አህያውን ሳይጭን አይቶት፣ ጻፊውም ከዚያ ላይ እንጀራውን ሲበላ ማየት ነው።

ቸር ያሰንብተን።