ከክበቡ ባነር ወደ ጫካው

የሸካ ጫካ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ይህን የቴፒ ተማሪ ለፈተና ሲል ሊሸመድደው ይችላል። ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚወጣው የሚከረፋ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ኦክስጅኑን እያሟጠጠ ዓሣ እንደሚገድል ግን ማን ወስዶ ያሳየዋል? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ማለት ባነርና የሚኒ ሚዲያ መፈክር ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ለፎቶ የሚተከለውን ችግኝማ ተዉት። ዋንዛና ቢርቢራ ለቡናው ጥላ ሆነው ለምን እንደሚተዉ፣ ሸካቾዎች ‹ኮቦ› በሚሉት ሥርዓት ጫካውን ለቀፎ መስቀያ ተከፋፍለው እንዴት እንዳቆዩት የሚያውቁ አባቶች እዚያው መንደር አሉ። ከሚዛን እስከ ማሻ ያላችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ እባካችሁ ዘንድሮ እነሱን ክፍል ድረስ ጋብዟቸው፤ ተማሪውንም በቡና ለቀማው ወቅት ወንዝ ይዛችሁት ውረዱ።